የልብስ ሰፊው ፍንጭት

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ እማማ አስካለ። «ልብስ ሰፊ ነበረ።»

እንዲህ ብለው የጀመሩት ምንታምር ጥያቄዋን ጠይቃ ስትጨርስ ነው። ምንታምርን ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት። እህቷ ከሦስት ዓመት በፊት ተድራ ሩቅ አገር ሄደች። በዓመት አንድ ጊዜ ለመስቀል ትመጣለች። ምንታምር ዓመቱን ሙሉ ቀን ስትቆጥር ትከርማለች፤ እህቷ ስትመጣ ግን ደስታው ቀርቶ ሕመም ይሆንባታል። አምና «ራሴን አሞኛል» ብላ ጓዳ ገባች፤ እህቷ ወደ ቤቷ እስክትመለስ ድረስም አልወጣችም። አሁን ለመስቀል ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ስለዚህ እማማ አስካለ ዘንድ መጥታ፣ መሬት መሬት እያየች፣ «እማማ፣ ሳትመጣ ትናፍቀኛለች። ስትመጣ ደግሞ ይብስብኛል። ናፍቆት ልክ የለውም እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

እማማ አስካለ በጥርስ ሐኪም ቤት ሃያ ሁለት ዓመት መሣሪያ ሲቀቅሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ሰው ምክር ሲጠይቃቸው መልሳቸውን የሚያመጡት ከዚያው ነው።

ልብስ ሰፊው እናቱ ሞታበታለች። ስትሞት እሱ ሌላ ከተማ ነበር። መርዶው የደረሰው ከተቀበረች ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ፊቷን አላየም፤ አፈር አላለበሳትም። ከእሷ የቀረችው ፎቶ አንዲት ናት፤ ለመታወቂያ የተነሣችው። በዚያች ፎቶ ላይ እናቱ አፏን ገጥማ፣ ግንባሯን ቋጥራ፣ እንደተቆጧት ተማሪ ሆናለች። እሷ ግን እንደዚያ አልነበረችም። ሳቂታ ነበረች። ስትስቅ ከፊት ጥርሶቿ መካከል ያለችው ፍንጭት ብቅ ትላለች። የሠፈሩ ሰው ያችን ፍንጭት ለማየት ሲል ብቻ ቀልድ ያመጣላት ነበር።

ልጇም ያችኑ ፍንጭት ወርሷል። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሱቁን ከፍቶ የስፌት መኪናውን ዘይት ካጠጣ በኋላ፣ ደንበኞች አዲስ ልብስ ለብሰው ራሳቸውን ከሚያዩበት መስታወት ፊት ይቆምና ይስቃል። አንድ ጊዜ ብቻ። ከመስታወቱ ውስጥም እናቱ ትስቅለታለች። ከዚያ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ሥራውን ይጀምራል። ይህንን ለማንም ነግሮ አያውቅም።

አንድ ዓመት፣ ከፍንጭቷ በስተቀኝ ያለው ጥርስ መጥቆር ጀመረ። ቀጥሎ ድዱ አበጠ፤ መግል ቋጠረ። በነጋታው መስታወቱ ፊት ቆመና ከንፈሩን ገለጥ አደረገ። ጥቁረቱን ሲያይ መልሶ ገጠመው። አፉን ሲገጥም የመታወቂያዋን ፎቶ መሰለ።

ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ ጉንጩን አይቶ «አንተ ሰው፣ ምን ጎርሰህ ነው? ሙሉ ዳቦ ነው እንዴ?» አለው።

«ጥርሴ ነው።»

«ታዲያ አስነቅላታ! ሠላሳ አንድ ይቀርልህ የለም? ደግሞ ልብስ ሰፊ አይደለህ? ክፍተቱን ትጥፈዋለህ።»

ልብስ ሰፊው አልሳቀም። «እሱን ካስነቀልኩ እናቴን በምን አያታለሁ?» ሊለው አፉን ከፈተና አፈረ፤ ተወው።

ወደ ጥርስ ሐኪም ሄደ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ጥርሱን በመሣሪያዋ እጀታ መታ መታ አደረገችና ራጅ አነሣችው።

«ጋሼ፣ ጥርሱ ሞቷል» አለችው። «ግን የሞተ ጥርስ ሁሉ አይነቀልም። ሥሩ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ቦይ አለ። የበሰበሰውን ከቦዩ ጠርጌ ካወጣሁና ከደፈንኩት ይቆይልዎታል።»

«ፍንጭቴም?»

«ፍንጭትዎም።»

ልብስ ሰፊው ወንበሩ ላይ እንደተጋደመ እንባው በጆሮ ግንዱ በኩል ወረደ። ሐኪሟ ያመመው መስሏት መብራቱን ዞር አደረገችለት።

«ነገሩ ያለው ልኩ ላይ ነው» አለችው። «ቦዩ የት ላይ እንደሚያልቅ በዓይን አይታይም። ጫፉ ሳልደርስ ከቆምኩ ብስባሹ እዚያ ይቀርና ተመልሶ ያብጣል። ካለፍኩ ደግሞ ከጥርሱ ወጥቼ ደህናውን ሥጋ እወጋለሁ፤ ጥርሱንም ልናጣው እንችላለን።»

ከዚያ ጸጉር የምታህል ቀጭን መርፌ አነሣች። በመርፌዋ ላይ ወደላይና ወደታች የምትንሸራተት ትንሽ የላስቲክ ቀለበት አለች። መርፌዋን ወደ ቦዩ አወረደች፤ ቀለበቷንም አንሸራትታ ከጥርሱ ጫፍ ላይ አሳረፈቻት። ራጅ አነሣች፤ ጥቂት ወረድ አድርጋ ደግማ አነሣች። መርፌዋ ቦዩ መጨረሻ ላይ መድረሷን ስታይ አወጣቻትና ከቀለበቷ እስከ ጫፏ ያለውን በትንሽ ማስመሪያ ለካችው። «ሃያ ሦስት ሚሊ ሜትር» አለችና ካርዱ ላይ ጻፈች። ልብስ ሰፊው ደስ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲለካ የኖረ ሰው፣ በጥንቃቄ ሲለኩት ደስ ይለዋል።

ሐኪሟ ግን የጥርሱን ጫፍ እያየች «ክር በጥርስዎ ነው የሚበጥሱት አይደል?» አለችው።

«አርባ ዓመት ሙሉ።»

«ያስታውቃል። ክሩ አርሶታል። ከእርሻው አጠገብ እንደ እሾህ የቆመች ቀጭን ጫፍ አለች፤ ቀለበቴን ያሳረፍኩት እሷ ላይ ነው። የሚመጣው ሳምንት ተመልሰው እስክንጨርስ ድረስ ክር እንዳይበጥሱባት።»

«ከመቀስ በቀር በሌላ ብበጥስ እጄን ይቁረጠው» ብሎ ማለ።

አራት ቀን በመሐላው ኖረ። በአምስተኛው ቀን የሙሽራ ቀሚስ ለመጨረስ ተቀምጦ ነበር። ሦስት ሚዜዎች እላዩ ላይ ቆመው «ፍጠን እንጂ ጋሼ! ሙሽራዋ በነጠላ ልትዳር ነው እንዴ?» እያሉ ይስቁበታል። አንድ እጁ እጥፋቱን ይዟል፤ ሌላው መርፌውን ይዟል። መቀሱ ከቀሚሱ ሥር ተቀብሯል። አርባ ዓመት የለመደ አንገት ራሱ ጎንበስ አለ፤ አርባ ዓመት የለመደ ጥርስ ራሱ ነከሰ። ክሩ ተበጠሰ። ከክሩ ጋር ሌላ ነገርም ቀጭ ሲል ሰማ።

መዳፉ ላይ ተፋው። የሩዝ ፍሬ ስባሪ የምታህል ነጭ ነገር ናት።

ሚዜዎቹ ቀሚሱን ይዘው ሲሄዱ ወደ ጎረቤቱ ብቅ አለና «ለመሆኑ የተሸረፈ ጥርስ ሐኪም ይደፍነዋል?» አለው፤ ለሌላ ሰው እንደሚጠይቅ።

«የተሸረፈ?» አለ ጫማ ሰፊው ምስማር ከአፉ እያወጣ። «ይነቅሉታል እንጂ ምን ያደርጉለታል!»

ልብስ ሰፊው ስባሪዋን ከሙሽራዋ ቀሚስ በተረፈ ነጭ ቁራጭ ጠቀለላትና የሰደርያው ኪስ ውስጥ ከተታት። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

በቀጠሮው ቀን ወንበሩ ላይ ተጋደመ። ሐኪሟ ካርዱን አየችና «ሃያ ሦስት» ብላ የላስቲክ ቀለበቷን በዚያው ልክ አስያዘች። ልብስ ሰፊው ይህን ሲያይ ልቡ ደነገጠ። እሱ ራሱ በሱቁ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም። ደንበኛ መጥቶ «ልኬ ደብተርህ ላይ አለ፤ በዚያው ስፋልኝ» ሲለው፣ «ያ ያምናው ሰውዬ ልክ ነው። ተነሥ ልለካህ» ነበር የሚለው። ይህ ቃል ጉሮሮው ድረስ መጣ። ከተናገረ ግን መሸረፉ ይታወቃል፤ ከታወቀ ይነቀላል። ዋጠው።

መርፌዋ ወረደች። አፍንጫው ሥር፣ ውስጥ ድረስ፣ አንድ ነገር ወጋው። እግሮቹ ተሳቡ።

«አመመዎት?» አለች ሐኪሟ።

«ምንም አይደል።»

ቀጠለች። ደግሞ ወጋው። የወንበሩን እጀታ ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ። ሐኪሟ ቦዩን ለማድረቅ እንደ መርፌ የቀጠነች የወረቀት ዘንግ አስገባችና አወጣች። የወረቀቷ ጫፍ ቀይ ነበር። ሐኪሟ ወደ መብራቱ አስጠግታ አየቻት።

«ልኩ ትክክል ነው» አለች ለራሷ እንደሚናገር ሰው። «ራጁም ይኸውና። ታዲያ ደሙ ከየት መጣ?»

ልብስ ሰፊው ዓይኑን ገለጠ። ከራሱ በላይ ያችን ቀይ ጫፍ አያት። ዝም ቢል በዚህ ልክ ትደፍነዋለች፤ ጥርሱ ይጠፋል። ቢናገር ትነቅለዋለች፤ ጥርሱ ይጠፋል። በሁለቱም መንገድ እናቱ አፏን ትገጥማለች። ቢያንስ ዋሽቶ አይቅበራት። እጁን ወደ ሰደርያው ኪስ ሰደደና ነጯን ጥቅልል አውጥቶ በሐኪሟ መዳፍ ላይ አኖራት።

ሐኪሟ ፈታ አየቻት።

«መቼ ነው?»

«ትናንት ወዲያ።»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ይነቅሉብኛል ብዬ ፈራሁ።» ድምፁ ተሰበረ። «ዶክተር፣ እናቴ የምትስቀው በዚህ ጥርስ ነው።»

ሐኪሟ ነገሩ ባይገባትም አልጠየቀችውም። «አልነቅለውም» አለችው። «የእኔም ጥፋት አለበት፤ በማትጸና ጫፍ ላይ ልኬን ማሳረፍ አልነበረብኝም። ይስሙኝ ጋሼ፤ የሥርዎ ቦይ አላጠረም፣ አልረዘመምም። ያው እንደነበረ ነው። ያጠረው እኔ ቆሜ የለካሁበት ቦታ ነው። ቦታው መሰበሩን ባውቅ ኖሮ አልወጋዎትም ነበር።»

ከዚያ የተሸረፈውን ጫፍ ሞርዳ፣ ደልዳላና ጽኑ አደረገችው። ቀለበቷንም እዚያ ላይ አሳርፋ፣ ራጅ አንሥታ፣ እንደ አዲስ ለካች። ካርዱ ላይ ያለውን ሃያ ሦስት ሰረዘችና «ሃያ አንድ ተኩል» ብላ ጻፈች። ቁስሉ እስኪሽር ቀጠሮ ሰጠችው። ተመልሶ ሲመጣ የወረቀቷ ጫፍ ነጭ ሆና ወጣች፤ ሐኪሟም ቦዩን በአዲሱ ልክ ደፈነችው፤ ጥቁረቱንም አነጣችለት።

በነጋታው ጠዋት ልብስ ሰፊው ሱቁን ከፈተ። መኪናውን ዘይት አጠጣ። መስታወቱ ፊት ለመቆም ግን ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ ያልተጣጠፈ ጨርቅ ሁሉ አጣጠፈ። በመጨረሻ ቆመና ሳቀ።

ሳቁ እንደ ድሮው አልነበረም። ጥርሱ በትንሹ አጥሯል፤ ጫፉም ቀጥ ብሏል። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው እናቱ ጥቂት ተለውጣለች። ደነገጠ። ቆይቶ ግን «እስከ ዛሬ ብትኖር እሷስ መች እንደዚያው ትቀር ነበር?» አለ። ፍንጭቷ በቦታዋ ነበረች። ደግሞ ሳቀ፤ በዚያን ቀን ሁለት ጊዜ። ከዚያ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አደረገ፤ ከሜትሩ ጋር መቀሱንም በክር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠለጠለ።

እማማ አስካለ እዚህ ላይ አቆሙና ወደ ምንታምር ዞሩ።

«አየሽ ልጄ፣ አንቺም እህትሽን የምትጠብቂያት በድሮው ልክ ነው። በአንድ ብርድ ልብስ ስትተኙ፣ ጸጉርሽን ስትሠራሽ፣ ከእናንተ ሌላ ማንም ሳይኖር የለካሽው ነው። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ቆመሽ የለካሽበት ቦታ እሷ የተዳረች ዕለት ተሰብሯል። አንቺም ስባሪውን በጨርቅ ጠቅልለሽ ኪስሽ ከተትሽና ‹ራሴን አሞኛል› አልሽ። እሷ ምን ታውቃለች? በድሮው ልክ ትመጣለች፣ ታቅፍሻለች፣ ልኩ ያልፍና ይወጋሻል። ‹አመመሽ?› ስትልሽ ‹ምንም አይደል› ትያለሽ።»

ምንታምር ቀና አላለችም። ጣቶቿ የቀሚሷን ጠርዝ ይዘው ነበር።

«ልክ የለውም ወይ አልሽኝ። አለው። ናፍቆትሽ አልበዛም፤ ያው እንደነበረው ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ጓዳ አትግቢ። ስባሪውን ከኪስሽ አውጥተሽ መዳፏ ላይ አኑሪላት። ‹እህቴ፣ የሄድሽ ቀን እዚህ ጋ ተሸርፌያለሁ› በያት። ከዚያ ከቆማችሁበት ቦታ፣ ከዛሬው፣ ሁለታችሁም እንደ አዲስ ትለካላችሁ። ከድሮው ትንሽ ያጥር ይሆናል። ቢያጥርም አይወጋም።»

ልጅቷ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ «ብትስቅብኝስ?» አለች።

«ትሳቅብሽ!» አሉ እማማ አስካለ። «ዓመቱን ሙሉ ቀን የምትቆጥሪው ስትስቅ ልታያት አይደለም እንዴ?»