ሦስት ጊዜ የተደረበው ሰው

አንድ ንጉሥ መልእክተኛውን በየዓመቱ የሚመርጠው በሩጫ ነበር። ሩጫው ሰባት ዙር ነው፤ አንዱ ዙር ቤተ መንግሥቱ ያለበትን ተራራ ግርጌ ግርጌውን ይዞ ይዞራል፣ ለጎበዝ ሯጭ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ያሸነፈ ሰው ከንጉሡ እጅ በርኖስ ይለብሳል። ከዚያ በኋላ አጠራሩም፣ የሚቀመጥበት ቦታም ይለወጣል።

ዘለቀ የሚባል ሯጭ ባለፈው ዓመት ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። ሁለተኛ መውጣት ነውር ሆኖ አይደለም፤ የመንደር ሰው ግን ምላሱ አያርፍም። ዓመቱን ሙሉ «ሁለተኛው መጣ»፣ «ለሁለተኛው ቦታ ልቀቁለት» እያሉ ሲያሾፉበት ከረሙ። አማቱ እንኳ ወጥ ስትጨልፍ «አንተማ ሁለተኛ ነህ፣ ለሌላው ላስቀድም» ትለው ነበር። ዘለቀ አብሯቸው ይስቅና ጠዋት ጠዋት ጥርሱን ነክሶ ይሮጣል። «ዘንድሮም ሁለተኛ ከምወጣ ሞት ይሻለኛል» ይል ነበር፤ ስለ ራሱ ሞት መናገሩ ነው።

የሩጫው ዕለት ሰማዩ ከማለዳው ጀምሮ ጠቁሯል። ሯጮቹ ጋቢያቸውን አውልቀው መነሻው ላይ በተተከለው የንጉሡ ድንኳን ውስጥ ከመሩ። ወዲያው በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መውረድ ጀመረ። ዙር የሚቆጥሩት ሽማግሌ «ጃንሆይ፣ ይህ ቀን ሰው የሚወጣበት አይደለም፤ ለነገ ቢያደርጉት» አሉ። ንጉሡም «ዝናብ የሚፈራ መልእክተኛ ምን ያደርግልኛል?» ብለው መለሱ። ከድንኳን ውስጥ ሆኖ እንዲህ ማለት ቀላል ነው።

እስከ አራተኛው ዙር ዘለቀ ይመራ ነበር። አምስተኛው ላይ ከተራራው ጀርባ፣ ከድንኳኑ በማይታየው በኩል፣ ምትኩ የሚባል ወጣት ሯጭ ላይ ደረሰበት። ምትኩ መሮጡን ትቶ ይንገዳገዳል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ እጀ ጠባቡ ርሶ ገላው ላይ ተጣብቋል። በዙር ሩጫ እንደምታውቁት፣ አንድ ሙሉ ዙር ተበልጦ የሚታለፍ ሰው ተደረበ ይባላል። ዘለቀ ደረበው። «አይዞህ» አለው እንጂ አልቆመም።

በስድስተኛው ዙር ምትኩን ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጦ አገኘው። «ወንድሜ፣ ጋቢዬን ይዞ የሚመጣ ሰው ላክልኝ» አለ፤ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ቃሉን ይቆራርጠዋል። «እሺ፣ እናገራለሁ» አለ ዘለቀ። ውሸቱን አልነበረም፣ በእውነት ሊናገር አስቦ ነበር። ድንኳኑ ጋ ሲደርስ የጋቢው ክምር ደረቅ እንደሆነ አየው። ሽማግሌው «አንድ ቀረህ» አሉት። ለመናገር ትንሽ ዝግ ማለት ያስፈልገው ነበር። ከኋላው ደግሞ የሌላ ሯጭ እግር ጭቃውን ሲያንቦጫርቅ ሰማ። ሁለተኛ የሚሏት ቃል ጆሮው ላይ መጣችበት። «ከኋላዬ ያለው ይናገራል» ብሎ አለፈ።

በመጨረሻው ዙር ምትኩ በጎኑ ተጋድሞ ነበር። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ይተነፍሳል። ዘለቀ ወደ ማዶ እያየ አጠገቡ አለፈ።

አንደኛ ወጣ። ንጉሡ በርኖሱን ደረቡለት፣ ሕዝቡ እልል አለ። ሙቀቱ ከትከሻው እስከ ጉልበቱ ወረደ፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለው።

ያን ጊዜ አንዲት ሴትዮ ሰዉን እየገፉ ወደ ድንኳኑ መጡ። የምትኩ እናት ናቸው። ልጃቸው በድንኳኑ በኩል ካለፈ ቆይቷልና ንጉሡ ፈላጊ ይላኩልኝ ብለው ሊለምኑ ነው። መጀመሪያ ያገኙት ግን ዘለቀን ሆነ።

«ልጄ፣ ምትኩን መንገድ ላይ አላየኸውም?»

«አይቼዋለሁ እማማ። ሦስት ጊዜ ደርቤዋለሁ።»

የሯጭ አፍ ሆኖበት ነው፤ ሌላ ቃል አልመጣለትም። ሴትዮዋ ግን ከዛሬ በፊት ሩጫ አይተው አያውቁም። መደረብ ለእርሳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብርድ ለያዘው ሰው በልብስ ላይ ልብስ መጨመር።

«ሦስት ጊዜ ደረብክለት? እኔ ደግሞ በዚህ ብርድ ምን ሆኖብኝ ይሆን እያልኩ ነበር። ተባረክ ልጄ፤ የእናቱ ልጅ ቢሆን ከዚህ በላይ ምን ያደርጋል?» ብለው ጉልበቱን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ከዚያም ልባቸው አርፎ ወደ ሴቶቹ ተመለሱና ተቀመጡ። ንጉሡን መለመኑን ተዉት።

ዘለቀ አፉን ከፈተ። «እማማ፣ እኔ ያልኩት እንዲያ አይደለም» ማለት የአንድ ትንፋሽ ሥራ ነበር። ነገር ግን በርኖሱን ገና አሁን መልበሱ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ያየዋል፤ ሴትዮዋም በሰው ፊት መርቀውታል። አፈረና አፉን መልሶ ዘጋው።

ምትኩን ያመጡት መጨረሻ የገቡት ሁለት ሯጮች ናቸው፤ አንዱ በብብቱ፣ አንዱ በእግሩ ይዘውት። ሰውነቱ ቀዝቅዞ እንደ እንጨት ደርቋል። እናቱ ወዲያው አላለቀሱም። ደረቱን ዳበሱ፣ ትከሻውን ዳበሱ፣ ጀርባውን አገላብጠው አዩ። ከረጠበው እጀ ጠባብ በቀር ምንም የለም። ቀና ብለው ዘለቀን ፈለጉት።

«ልጄ፣ የደረብክለት የታለ?»

ዘለቀ ተጠጋ። በርኖሱን አውልቆ ምትኩ ላይ ደረበው። ይኸኛው ትክክለኛው መደረብ ነበር፤ የደረሰው ግን ለሬሳ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ በመንደሩ «ሁለተኛው» ብሎ የጠራው ሰው የለም። «አንደኛው» ብሎም የጠራው የለም።

ወዳጆቼ፣ ዘለቀን ክፉ ሰው ነው ብላችሁ አትገላገሉ። ከሩጫው ሕግ አንዱንም አልጣሰም። ጥፋቱ፣ አንድ ቃል ሰው የሚያድንበት ሰዓት ላይ ቃሉን ለራሱ ማስቀረቱና ያልሠራበትን ምርቃት ዝም ብሎ መቀበሉ ነው። እኛም በየዙራችን የደከመ ሰው አጠገብ እናልፋለን። ከኋላ የሚመጣው ያስብለታል እንላለን፤ ከኋላ የሚመጣውም እንዲሁ ይላል። የበለጥነው የሚመስለን ሰው ብርድ የገደለው ሊሆን ይችላል። እስቲ ዛሬ ቁጭ ብላችሁ አስቡት፤ ስንቱን ደረባችሁት? ለስንቱስ ደረባችሁለት?