የዝሆን ወንበር

ተረቴን ላውጋችሁ፣ ጆሯችሁን አውሱኝ።

የንጉሥ አንበሳ ምክትል፣ ዝሆን፣ ሞተና ወንበሩ ባዶ ቀረ። በአገሩ ሕግ ተተኪውን የሚያጨው ንጉሡ ቢሆንም፣ የአራዊትና የአዕዋፍ ሸንጎዎች ሁለቱም ካልተስማሙ አይሾምም። አንበሳ ፈሪዋን እመት ሚዳቋን ለወንበሩ አጨ።

ሚዳቋ በሁለቱ ሸንጎዎች ፊት ቆመች። አንበሳም አጠገቧ ተቀምጦ ያዳምጣል።

«ጌታችን ቢሳሳቱ ምን ትያቸዋለሽ?» ሲል ንስር ጠየቃት።

«ተሳስተዋል እላቸዋለሁ» አለች ሚዳቋ።

ሁሉም የአንበሳን ጥፍር አየ። አንበሳ ጥፍሩን ሰበሰበ። ያን ጊዜ አራዊቱ እግራቸውን፣ አዕዋፉ ክንፋቸውን አነሱላት።

ከርሞ አንበሳ የጎረቤት አገር ሊወጋ ተነሣ። «ጌታዬ፣ ተሳስተዋል» አለችው ሚዳቋ ፊቱ ቆማ። አንበሳ እያጉረመረመ ቆየና ተመልሶ ተቀመጠ።

ተረቴ ለእናንተ፣ ጤናው ለሁላችን።