ሽኮኮ ያየውን ቀበሮ አወራው

አንድ ጊዜ፣ ከገደል ሥር ባለች ኩሬ ዙሪያ እባብ በዝቶ አራዊቱን አስጨነቀ። ውሃ ሊጠጣ የወረደ ሁሉ ሳያየው ይረግጠዋል፤ የተረገጠ እባብ ደግሞ ይነድፋል። የአህያ አንድ ለናቱ ውርንጭላ እንኳ በዚሁ ሞተ። በመጨረሻ አንበሳ «ከእባብ የምንተርፍበትን ዘዴ ላገኘ ከኩሬው በላይ ያለውን ደረቅ ዋሻ እሰጣለሁ» ብሎ አስነገረ።

ሽኮኮ ይህን ሲሰማ ልቡ ዘለለ። ከልጆቹ ጋር የሚኖርበትን የድንጋይ ስንጥቅ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ይሞላዋል። ባለፈው ክረምት ሁለት ልጆቹ በብርድ አልቀውበታል፤ ዋሻውን ካላገኘ የቀሩትም እንደማይተርፉ ያውቃል። ስለዚህ ሌሎቹ እባብ አይተው ሲሮጡ እሱ ራቅ ብሎ ተቀምጦ መመልከት ጀመረ። ጧት ጧት ፀሐይ ከሚመታው ድንጋይ ትይዩ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። እባቡ ከጉድጓዱ ሲሳብ፣ ምላሱን ሲያወጣና ሲያስገባ፣ ድንጋዩ ላይ ተጠቅልሎ ሲሞቅ ያየዋል። የጣለውን ቆዳ ተከትሎም ማደሪያውን ያገኛል። አንድ ቀን ጎሽ በዚያ ሲያልፍ መሬቱ ተንቀጠቀጠና እባቡ ጎሹ ሳይደርስበት ሹልክ ብሎ ጠፋ።

«ለካስ እሱም ይፈራናል!» አለ ሽኮኮ።

ችግሩ ዘዴው የሚቀርብበት የአራዊቱ ጉባኤ ሥርዓት ነበር። በአንበሳ ፊት የሚነገረው በሰውነት ግዝፈት ነው፤ ትልቁ ይጀምራል፣ ትንሹ ይጨርሳል። የሽኮኮ ተራ ሲደርስ አንበሳ ሁልጊዜ እንቅልፍ ላይ ነው። ቀበሮ ይህን ያውቅ ነበርና አንድ ጧት መጣ።

«ስማኝ ወንድም ሽኮኮ፣ በአንተ ተራ የሚሰማህ ማን አለ? ዘዴውን ንገረኝና በስምህ ልናገርልህ።»

«በስሜ?»

«ታዲያ በማን ስም ሊሆን ነው? እኔን እንዲህ አድርገህ ነው የምታውቀኝ?»

ሽኮኮ በእርግጥ እንዲያ አድርጎ ነበር የሚያውቀው፤ ግን ሌላ መንገድ አልነበረውም። አህያ ውሃ እየጠጣች እያየቻቸው ቀበሮን ወደ ድንጋዩ ወሰደው።

«ጅራትህን አታወዛውዝ። ይኸውልህ፣ ጧት ስለሚበርደው ፀሐይ ላይ ይወጣል። ስትመጣ መሬቱን ጠበቅ አድርገህ ከረገጥህ ራሱ ይሸሻል።»

«ገባኝ።»

«ቆይ እንጂ፣ ገና ነው። ቀትር ላይ ደግሞ...»

«ገባኝ እኮ አልኩህ! እግሬ ደነዘዘ» አለና ቀበሮ ተነሥቶ ሄደ።

በጉባኤው ቀን ጎሽ «እንጨፍልቃቸው» አለ። አህያ ስለ ልጇ አልቅሳ ተቀመጠች። ጅብ «እንብላቸው» አለ። ከዚያ ቀበሮ ተነሣ።

«ጌታችን ሆይ፣ እኔ አገልጋይዎ ስንት ጧት በብርድ እየተጠበስሁ እባብን ስመለከት ከርሜአለሁ» ብሎ ጀመረና የሽኮኮን ቃል አንድ በአንድ ዘረገፈው።

ሽኮኮ ከኋላ ዘሎ ተነሣ። «ጌታችን! ይህ የእኔ ነው!»

«ተራህ ደርሷል?» አለው አንበሳ።

«አልደረሰም፣ ግን...»

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

ሽኮኮ ወደ አህያ ዞረ። «እመት አህያ፣ ሳስተምረው አላየሽንም? ተናገሪ እንጂ!»

አህያ ጆሮዋን ጣለች። «እኔ እንኳ ተራዬ አልፏል።»

«እኔ ምስክር ነኝ!» አለ ጅብ፣ ቀበሮ አጥንት ቃል ገብቶለት ነበርና። «ቀበሮ ብቻውን ሆኖ ሲመለከት በዓይኔ አይቻለሁ።»

«የት ተቀምጦ?» አለ ሽኮኮ።

«እ... ኩሬው ውስጥ።»

አራዊቱ ሳቁ። አንበሳ ግን ምስክሩን ተቀበለ። ቀበሮም በዚያው ቀን ዋሻው ውስጥ ገባ። የሽኮኮ ተራ ሲደርስ አንበሳ ያንኮራፋ ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንበሳ እባብ ለማየት ፈለገ። ጧት መነሣት ስለማይወድ አጀቡን አስከትሎ በቀትር ወረደ። ቀበሮ ድንጋዩን ቢያሳይ ምንም የለም፤ ድንጋዩ እንደ ምጣድ ግሏል።

«ሙቀቱ ገደለኝ፤ እዚያ ቋጥኝ ጥላ ሥር ልረፍ። እባብ አይኖርበትም?» አለ አንበሳ።

«ኧረ ጌታችን! እባብ ፀሐይ ወዳድ አይደለም እንዴ? ጥላ ሥር ምን ሊሠራ!»

ሽኮኮ ከገደሉ ላይ ጮኸ። «አይግቡ! በቀትር ጥላ ውስጥ ነው የሚተኙት!»

«ቅናት ነው፤ አይስሙት» አለ ቀበሮ።

ጅብ ግን የአይጥ ሽታ ሸትቶት አንበሳን ቀድሞ አፍንጫውን ቋጥኙ ሥር ወሸቀ። እባቡም ነደፈው። አፍንጫው ወዲያው እንደ ቅል አበጠ።

«ቀበሮ!» ብሎ አገሣ አንበሳ ወደ ኋላ ዘሎ። «ልታስገድለኝ ነበር!»

ቀበሮ መሬት ላይ ተደፋ። «የእኔ ጥፋት አይደለም ጌታዬ! እንዲህ ብሎ ያስተማረኝ ሽኮኮ ነው!»

ሽኮኮ ከገደሉ እየተንደረደረ ወረደ።

«ሰሙት ጌታችን? በገዛ አፉ! ያስተማርኩት እኔ ከሆንኩ ዋሻው የማን ነው?»

አንበሳ ቀበሮን አየ፤ ሽኮኮን አየ፤ አጀቡን አየ። ቀበሮን ሌባ ቢል ራሱን ሞኝ ማለቱ ነው።

«ዋሻው ተሰጥቷል፤ የሰጠሁትን አልመልስም» አለ። «ጥፋቱ የአስተማሪው ነው። ሽኮኮ ከጉባኤዬ ይውጣ!»

«ሲያስመሰግን የቀበሮ፣ ሲነድፍ የእኔ?» አለ ሽኮኮ። አህያ መሬት መሬት ታያለች።

ሽኮኮም ደረቅ ማደሪያ ፍለጋ ልጆቹን ይዞ፣ የማያውቀውን ሜዳ በጠራራ ፀሐይ አቋርጦ ወደ ማዶው ገደል ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ በኩሬው ዳር አንዱ በተነደፈ ቁጥር አራዊቱ «ምነው ያ ሽኮኮ በኖረ!» ይባባላሉ፤ በአንበሳ ፊት ግን ማንም ትንፍሽ አይልም።

ከዚህ የምንማረው፣ የሰው ድካም የሚሰርቀው አንድ ሌባ ቢሆንም፣ ስርቆቱን በፍርድ የሚያጸኑት ለክብሩ ሲል እውነቱን የሚረግጥ ዳኛና እያየ ዝም የሚል ምስክር መሆናቸውን ነው።