አያ ጅብ ዋስ የሆነለት ጋሪ

አንድ ጊዜ ቀበሮ ዘንጉ የተሰነጠቀ አሮጌ ጋሪ ለአህያ ሸጠች። ስንጥቁን በሰምና በአመድ ደፍና፣ ላዩን ቅባት ቀብታ፣ «እንደ አዲስ ነው» አለችው። ዋስ የሆናት አያ ጅብ ነበር፤ አንድ ቅልጥም ተቀብሎ ጋሪውን ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ ዋስ ሆነ።

አህያ ዋጋውን በዶሮ ከፍሎ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ግን ተመልሶ ደጇ ቆመ።

«እመት ቀበሮ፣ ቁልቁለት ላይ ጋሪው ከኋላዬ ይጮኻል። እህል ጭኜ ገደሉን ስወርድ ቢሰበር አልተርፍም። ወይ አሠሪልኝ፣ ወይ ዶሮዎቼን መልሺልኝ።»

ዶሮዎቹማ ተበልተው አልቀዋል።

«አዲስ ቤት የገባ ጋሪ ያጉረመርማል፤ ሲለምድህ ዝም ይላል» አለችው።

አህያ አያ አንበሳ ዘንድ ከሰሳት። አራዊት ሾላ ሥር ተሰበሰቡ።

«ጋሪው ደኅና ነው?» አለ አንበሳ።

«ልጆቼን ይንሳኝ፣ ደኅና ነው» አለች ቀበሮ።

«አንተስ ዋሱ፣ አይተኸዋል?»

«ቅልጥሙን አይቻለሁ ጌታዬ፤ ምንም እንከን የለውም» አለ አያ ጅብ።

አራዊቱ ሳቁ። መሐላ ግን መሐላ ነውና ለቀበሮ ተፈረደላት።

ቀበሮ ረትታ ወደ ቤቷ ስትመለስ የማለችበት አፏ መረራት። ጉድጓዷ ስትደርስ ልጆቿ የሉም።

«አህያን ለምነው ጋሪው ላይ ወጡ፤ ወደ ወንዝ ሊወርዱ ነው» አለቻት ጎረቤቷ ጃርት። «እናታችን የማለችበት ነው እያሉ ሲኮሩ ብታያቸው።»

ቀበሮ ይህን ስትሰማ ወደ ገደሉ ሮጠች። እሾህ ቧጠጣት፤ አላወቀችውም። ከሩቅ የዘንጉ ሲጥሲጥታ ይሰማታል። ሲጮኽ ትፈራለች፤ ዝም ሲል ደግሞ ይብስባታል። ገደሉ አፋፍ ላይ ደርሳ ከአህያ እግር ሥር ተጋደመች።

«ውረዱ ልጆቼ፤ ቀስ ብላችሁ ውረዱ።»

«ለምን እማዬ? ደኅና ነው ብለሽ ምለሽ የለ?» አለ ትንሹ።

ቀበሮ ተነሥታ ልጆቿን አወረደችና ሰሙን በጥፍሯ ፋቀችው። ስንጥቁ ጣት ያስገባል። አህያ ዞሮ ስንጥቁን አየ።

«እኔ ብሞትስ ግድ አልነበረሽም?» አላት።

«አልነበረኝም» አለች ቀበሮ። «አውቄ ነው የሸጥኩልህ። አሁን አያ አንበሳ ፊት ሄጄ እናገራለሁ። ዘንጉንም አሠራለሁ። ይቅር በለኝ።»

አህያ ገደሉን ቁልቁል አየ።

«መጀመሪያ ዘንጉ ይሠራ» አላት።

ከዚህ የምንማረው፣ የገዛ ልጃችንን የማናሳፍርበትን ጋሪ ለሌላው «ደኅና ነው» ብለን መሸጥ እንደሌለብን፣ ቅሬታ ይዞ የመጣንም ሰው ገና ደጃችን ላይ ቆሞ ሳለ መስማት እንደሚሻል ነው።