የፉርጎዎቹ መብራት

ወገኖቼ፣ ስለ አንድ ሰው ልንገራችሁ። ድሬዳዋ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በባቡር ጥገና የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። አቶ ተድላ እንበላቸው።

አብረዋቸው የሠሩ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትንሽ ባቡር ሰጥተዋቸው ነበር። ጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ በኤሌክትሪክ የምትሄድ፣ አምስት የተሳፋሪ ፉርጎዎች ያሏት። በየመስኮቱ ጥፍር የሚያካክሉ የፕላስቲክ ሰዎች ተቀምጠዋል።

አቶ ተድላን አንድ ነገር ብቻ ቅር አላቸው። ፉርጎዎቹ መብራት የላቸውም። “ተሳፋሪ እንዴት በጨለማ ይሄዳል?” አሉ።

ሥራ ጀመሩ። ባትሪ አልፈለጉም፤ ኤሌክትሪኩ ሐዲዱ ላይ አለ፣ ከዚያው ይወሰድ አሉ። የፉርጎዎቹን የፕላስቲክ ጎማ አውጥተው የብረት አስገቡ። ጎማውን እየነካች የምትሄድ ቀጭን መዳብ አበጁ። ከመዳቡ እስከ ጣሪያው ሽቦ ሳቡ፤ የስንዴ ፍሬ የምታክል አምፖል በየዱ። በራ! ባቡሯ ስትንቀሳቀስ ግን ብልጭ ድርግም። ሐዲዱን በአልኮል ወለወሉ። አሁንም ብልጭ ድርግም። እንደገና ፈቱት። አራት ወር ፈጀባቸው። አራት ወር!

በእነዚያ አራት ወራት ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰለፈች አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ከማድ ቤት ወደ ሳሎን የሚወስደው ኮሪደር መስኮት የለውም፤ በጠራራ ፀሐይም ጨለማ ነው፤ መሃሉ ላይ ሁለት ደረጃ አለ። አምፖሉ ከነመያዣው ተቃጥሏል። የእሳቸውም ዓይን ደክሟል።

“ተድላ፣ ያቺን መብራት ሥራልኝ።”

“እሺ፣ ነገ።”

ሌላ ቀን፣ “ተድላ፣ ግድግዳ እየዳበስኩ ነው የማልፈው። ጎረቤት ያለውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ልጥራ?”

“ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ባልሽ እያለ? ሰው ይስቅብኝ? እሠራዋለሁ አልኩሽ እኮ!”

ሦስተኛ ጊዜ አልጠየቁም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ሁሉ ተጠራ። እኔም ነበርኩ። መጋረጃው ተዘጋ፤ ባቡሯ ተነሣች። አምስቱም ፉርጎዎች ቦግ አሉ፤ አንዴም ሳይርገበገቡ ዞሩ። የፕላስቲክ ሰዎቹ በብርሃን ተቀምጠው በፊታችን አለፉ። አጨበጨብን። እኔ፣ ሰባኪያችሁ፣ ከሁሉም በላይ አጨበጨብኩ።

ወይዘሮ አሰለፈች ሻይ ሊያመጡልን ሄደው ነበር። ጭብጨባችን ሳያበቃ ብርጭቆ ሲሰባበር ሰማን።

ሮጥን። እሳቸውን ለማየት የስልክ መብራት ማብራት ነበረብን። ደረጃው ሥር ወድቀዋል። ዳሌያቸው ተሰብሯል።

አቶ ተድላ ተንበርክከው፣ “አሴ! አሴ! ምን ሆንሽብኝ?” ሲሉ፣ ምን አሉ መሰላችሁ? አልጮኹም። “እነዚያ ባቡሯ ላይ ያሉት እኮ ሰው አይደሉም፣ ተድላ” አሉ። “እኔ ግን ሰው ነበርኩ።”

ዳግመኛ በእግራቸው አልሄዱም። በወደቁ ማግስት አቶ ተድላ ኮሪደሩ ላይ መብራት ሰቀሉ። ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። ሃያ ደቂቃ! ወይዘሮ አሰለፈች ከሆስፒታል በቃሬዛ ሲገቡ መብራቱን አዩት።

“አጥፋው” አሉ። “ማን ሊያልፍበት ነው?”

ወገኖቼ፣ አቶ ተድላ ክፉ ሰው አይደሉም። ጠጪ አይደሉም፣ ተሳዳቢ አይደሉም። የሚያደንቃቸው ሰው ባለበት በኩል ትጉ ነበሩ፤ ያ ብቻ ነው። እኛስ በየት በኩል ነው የምንተጋው?

አንተ ስለ መዘምራን ልብስ ቀለም ሦስት ሳምንት የተከራከርከው፣ ሚስትህ “ደረቴን ያመኛል” ካለችህ ስንት ቀን ሆነ? አንቺ ለእንግዳ ድምፅሽ የሚለሰልሰው፣ እናትሽ ሲጠሩሽ “አቤት” የምትዪው በየትኛው ድምፅ ነው? እኔስ? ይህንን ስብከት ስጽፍ ልጄ ሁለት ጊዜ በሬን አንኳኳች። “ቆይ” አልኳት። ምን ፈልጋ እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ቶሎ ብላችሁ ለጸሎት አትንበርከኩ። መጀመሪያ መጠየቅ የተወውን ሰው ፈልጉ። አጠገቡ ተቀመጡና፣ “ያን ጊዜ ምን ነበር ያልከኝ?” በሉት።

ምናልባት “ተወው፣ አሁንማ ለምጄዋለሁ” ይላችኋል።

ያን ጊዜ ፍሩ።