አስፋልት የተከለከለው ቡድን

አንድ ጊዜ፣ መቼ እንደሆነ ብቻ እንዳትጠይቁኝ፣ ጥድ አምባ በምትባል ሰፊ የአራዊት ከተማ ታላቁ የእግር ኳስ ውድድር ተዘጋጀ። ከየጫካው፣ ከየበረሃው፣ ከየሐይቁ ዳር እንግዳ ጎረፈ። ሰጎን ቤተሰቧን ሁሉ አስከትላ መጣች። ጉማሬ የአውቶቡሱ በር ላይ ቢጣበቅ ጊዜ ሦስት ቀን በእግሩ ተጓዘ። ዝንጀሮዎቹማ መንደራቸውን ባዶ ጥለው ነው የመጡት። ከተማዋ ጠበበች። የታክሲው ሰልፍ ከአንዱ ሰፈር ተነስቶ ሌላው ሰፈር ይደርስ ጀመር። ገበያ የወጣ ሳይገበይ ይመለሳል፣ አራስ ልጠይቅ ብሎ የወጣ ለክርስትናው ይደርሳል።

እንግዳ ሲመጣ ጓዳውን የሚደብቅ ቤት ታውቁ የለ? ጥድ አምባም እንደዚያው አደረገች። የመጓጓዣው ኮሚቴ ሰብሳቢ ቀበሮ ነበር። እሱም ከተማችን ለእንግዳ ማማር አለባት ብሎ፣ ውድድሩ እስኪያልቅ ድረስ አህያ አስፋልት እንዳትረግጥ የሚል ማስታወቂያ በየግንዱ ላይ ለጠፈ። የከተማውን ዱቄትና ውሃ ተሸክማ የምታደርሰው ማን ሆነችና ነው? ግን ማን ያስታውሳል።

ታዲያ በዚያ ዓመት ያልታሰበ ነገር ሆነ። የወፍጮ ሰፈር አህዮች ቡድን በሰፈሩ ሜዳ ላይ አንዱን ጥሎ፣ ሌላውን ጥሎ ለፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚያቸው የጅቦች ቡድን ነው። ደንቡ ደግሞ ሦስተኛው ፊሽካ ሲነፋ ሜዳ ላይ ያልተገኘ ቡድን በፎርፌ ይሸነፋል ይላል።

የአህዮቹ አምበል ዳለቻ ትባላለች። ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ ጭነት ጀርባዋን የላጠው አህያ ናት። ከዘሯ ለፍጻሜ የደረሰ ቀርቶ ስታዲየም የገባ የለም። ለቡድኗ የነገረቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ብንሸነፍ ተጫውተን እንሸነፍ፣ ሳንደርስ ከቀረን ግን እስከ ልጅ ልጆቻችን ድረስ «አህያ ድሮስ ምን ታውቃለች» ሲባል ይኖራል አለቻቸው።

የፍጻሜው ዕለት ጅቦቹ በማለዳ ልዩ መኪና ተልኮላቸው ሄዱ። አህዮቹ ደግሞ ቀበሮ እልካለሁ ያላቸውን አውቶቡስ መጠበቅ ያዙ። ጠበቁ፣ ጠበቁ፣ አውቶቡሱ የለም። የታክሲውን ሰልፍ ቢያዩት መጨረሻው አይታይም። ዳለቻ ቀበሮ ቢሮ ሄደች።

«አቶ ቀበሮ፣ አውቶቡሱ ቀረብን። ሰዓቱም እየሄደ ነው» አለችው።

«መንገዱ ተጨናንቆ ነዋ። ታገሺ እንጂ» አለ ቀበሮ፣ ወረቀት እያገላበጠ።

«እንግዲያው ይፍቀዱልን። በአስፋልቱ ጠርዝ በእግራችን እንሂድ።»

«አህያ በአስፋልት? ያውም በእንግዳ ፊት? አይ እህቴ፣ እኔ ሕግ አላስጥስም። ያወጣሁት እኔው ነኝ እኮ።»

ያን ጊዜ የተሸረበባቸው ነገር ገባት። አውቶቡሱን ያስቀረው ሆን ብሎ ነው። አህዮቹ ከቀሩ ዋንጫው የጅቦቹ ይሆናል፣ ለአሸናፊው ከተዘጋጀው ግብዣም ምርጥ ምርጡን አጥንት ለቀበሮ ሊያስቀሩለት ቃል ገብተውለታል። ብልጥ ነኝ ይላል ደግሞ፤ ከጅብ አጥንት የሚጠብቅ ብልጥ እኔ አላየሁም።

ዳለቻ ቀበሮን ጥላው ወደ ጓደኞቿ ተመለሰችና «ተነሱ፣ እናሳብራለን» አለቻቸው።

ማሳበር ሲባል ቀላል ይመስላል። አስፋልት ሳይረግጡ ስታዲየም ለመድረስ ያለው መንገድ ግን አንድ ብቻ ነው፤ በየጎረቤቱ ግቢ ውስጥ ለውስጥ ማለፍ። ለዚያ ባለቤቱ ወዶ መክፈት አለበት። በዚያ ሰሞን ደግሞ ከተማው ፀጉረ ልውጥ ስለበዛበት ሁሉም በሩን ከርችሞ ተቀምጧል። ይሁን እንጂ ዳለቻ ዱቄት ስታደርስ የኖረችው እነዚሁ በሮች ላይ ነው። ኩንታል ተጭኗት እንኳ በየደጃፉ ቆም ብላ «ቤቶች፣ እንደምን አደራችሁ» ሳትል አልፋ አታውቅም። ወጣቶቹ አህዮች በዚህ ልማዷ ይሰለቹ ነበር፤ መንገድ ታስረዝሚብናለሽ እያሉ ስንት ቀን ተነጫንጨውባታል።

መጀመሪያ የፍየል በር ላይ ቆሙ። እትዬ ፍየል የዳለቻን ድምፅ ስትሰማ ማነው እንኳ ሳትል ከፈተች። ጉዳዩን ስትሰማም ግልገሎቿን ሰብስባ ተከተለቻቸው፤ ጨዋታውን ለማየት ስትጓጓ ከርማ ሰልፉን ፈርታ ነበር የቀረችው። ከፍየል ግቢ ወደ ዶሮ ግቢ ገቡ፣ ዶሮም ጫጩቶቿን ይዛ ወጣች። ከዶሮ ወደ ኤሊ ተሻገሩ። ኤሊ እኔ እስክደርስ የከርሞው ውድድር ይጀመራል ብላ እምቢ ስትል አንዷ አህያ አንስታ ጀርባዋ ላይ አስቀመጠቻት። ወንዙን ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጡ ሲሻገሩ፣ ከላይ ድልድዩ ላይ መኪናው ሁሉ ተገትሮ ጥሩምባውን ይነፋል። አንደኛው ፊሽካ የተሰማው ያኔ ነው።

ስታዲየሙ ሊደረስ አንድ ግቢ ሲቀር ከከርከሮ አጥር ጋር ተፋጠጡ። ከርከሮ ነገረኛ ነው። ከጎረቤት ሰላም የለውም፣ በሩን ለማንም ከፍቶ አያውቅም። ዳለቻ ሰባት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ሰላም ብትለው አንድም ቀን አልመለሰላትም። ሁለተኛው ፊሽካ ተነፋ። ወጣቶቹ እዚህስ አለቀልን አሉ።

ዳለቻ ጉሮሮዋን ጠረገችና «ጋሼ ከርከሮ፣ እንደምን ዋሉ» አለች።

ዝም።

«ዳለቻ ነኝ ጋሼ። ለፍጻሜው ረፍዶብናል። በግቢዎ ቢያሳልፉን ብለን ነው።»

ቆይቶ ቆይቶ ከውስጥ የጎረነነ ድምፅ መጣ።

«ባለፈው ዓርብ ሳትመጪ ቀረሽ።»

«አዎ ጋሼ፣ እግሬን አሞኝ ተኝቼ ነበር።»

«ጠርጥሬ ነበር። ምን ሆና ይሆን እያልኩ እህል ሳይበላልኝ ዋለ። እንዳልጠይቅሽ ደግሞ አፌ ሰላምታ አለመደም።» በሩን ከውስጥ ገፋ ገፋ አደረገና ቀጠለ። «በሩ ዝጎ ተጣብቋል፣ ከተከፈተ ስንት ዓመቱ። ወደ ኋላ በሉ!»

ወደ ኋላ ከማለታቸው ከርከሮ የገዛ አጥሩን በክራንቻው ገንድሶ ብቅ አለ። ተመልሶ የጓሮውንም አጥር ገነደሰላቸው። ከዚያም እያጉረመረመ ፊት ፊት እየሮጠ መራቸው። ዳለቻ ዕንባዋ መጣ። ግን ለማልቀስ የሚሆን ጊዜ አልነበራትም።

ስታዲየም ውስጥ ደግሞ ጅቦቹን ብታዩ! የአያ ጅቦ ቡድን ተጋጣሚ አይመጣም ስለተባለ የአሸናፊውን ግብዣ ከጠዋት ጀምሮ ሙልጭ አድርጎ በልቶታል፣ የቀበሮን አጥንት ጭምር። ሆዳቸው ተነፍቶ ሜዳው ላይ ተጋድመዋል። ዳኛው ሽመላ ሦስተኛውን ፊሽካ ለመንፋት ደረቱን ሞልቶ ሲተነፍስ ግን በሩ ተበረገደ። ከርከሮ ገባ። ከኋላው አስራ አንድ አህዮች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ገቡ። ከእነሱም ኋላ ፍየሏ፣ ዶሮዋ፣ ኤሊዋ፣ ሰፈሩ በሙሉ ገባ። ስታዲየሙ በእልልታ ተናወጠ።

አያ ጅቦ አንገቱን ቀና አድርጎ «እነዚህ ቀርተዋል አልተባለም እንዴ?» አለ። ቀበሮ ያልሰማ መስሎ ሰማይ ሰማይ ያያል።

ስለ ጨዋታው ምን ልንገራችሁ? አህዮቹ ግቢ ለግቢ ሲያቋርጡ፣ ወንዝ ሲሻገሩ ሰውነታቸው ተሟሙቋል። ጅቦቹ ሁለት እርምጃ ሮጠው ሆዳቸውን ይይዛሉ። አንድ ለዜሮ ሆነ፣ ሁለት ለዜሮ ሆነ። ሦስተኛዋን ዳለቻ ጀርባዋን ለጎሉ ሰጥታ በኋላ እግሯ አጎነቻት። በረኛው ጅብ ኳሷን ያያት መረቡ ውስጥ ነው።

ቀበሮ እየሮጠ ንጉሥ አንበሳ ዘንድ ሄደና አህዮቹ በአስፋልት መጥተው ሕግ ስለጣሱ ዋንጫው ይነጠቁ ሲል ከሰሳቸው። ንጉሡም ዳለቻን አስጠርቶ ጠየቃት።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሰኮናችን አስፋልት አልነካም። እግራችንን ይዩት፣ ጭቃው ይመስክር» አለች።

ንጉሡ አየና ወደ ቀበሮ ዞረ። «በደንባችን ዋንጫ የበላ ቡድን ዋንጫውን ይዞ የሚዞረው በየት ነው?»

«በ… በዋናው አስፋልት» አለ ቀበሮ።

«መንገዱን የሚያስለቅቅለትስ?»

ቀበሮ ጅራቱን በእግሩ መሃል ሸጎጠ። «የመጓጓዣ ኮሚቴው ሰብሳቢ።»

በዚያን ዕለት የጥድ አምባ ታክሲና አውቶቡስ ሁሉ ጠርዝ ይዞ ቆመ። ቀበሮ ላብ በላብ ሆኖ ከፊት እየሮጠ «ገለል በሉ፣ አህዮች ሊያልፉ ነው!» ይላል። አህዮቹም ዋንጫውን ጀርባቸው ላይ ጭነው፣ ሰፈራቸውን አስከትለው፣ በአስፋልቱ መሃል ለመሃል እያናፉ ወረዱ።

ከዚህ የምንማረው በየሰው ደጃፍ ሰላምታ ሲያኖር የኖረ፣ መንገድ ሁሉ ቢዘጋበት እንኳ የሚከፍትለት በር እንደማያጣ ነው።