ከንፈሩ የደከመው አስተማሪ

አንድ አስተማሪ ነበረ፤ ከንፈሩ የደከመው።

አትሳቂ፣ እማዋ። ልሳቅ ካልሽም ሳቂ፤ እኔም ስጀምረው ያስቀኛል፣ ስጨርሰው ነው የሚደክመኝ። ደግሞ የጠየቅሽኝን ረስቼ ወሬ የጀመርኩ እንዳይመስልሽ። «አክስቴ፣ በባሌ በደምሰው ፈንታ መልስ መስጠቱን ባቆም፣ በሰው ፊት አይዋረድም ወይ?» ነው ያልሽኝ። መልሱ ከዚህ አስተማሪ ጋር ነው የሚመጣውና ታገሺኝ።

ሰውየው እንደ ሌላው አስተማሪ ክፍል ሙሉ ልጅ አልነበረውም። አንድ ሀብታም ቤት ተቀጥሮ አንዲት ልጅ ብቻ ነበር የሚያስተምረው። ሀብታሙ እህል ነጋዴ ነው፤ የጭነት መኪናዎቹ ከግቢው ተርፈው መንገዱን ይዘጉ ነበር። ልጅ ግን ያለችው አንዲት ናት። ስሟ ኩሪባቸው ነው፤ ቤቱ ሁሉ ኩሪ ይላታል። በሕፃንነቷ ሳንባዋን አሟት ለጥቂት ተረፈች። ከዚያ ወዲህ እናትየው «ንፋስ ይመታታል፣ አቧራ ይገባባታል» እያለች ከግቢው በር አላስወጣ አለቻት። ልጅቱ ወደ ትምህርት ቤት ካልሄደች፣ ትምህርት ቤቱ ወደ ልጅቱ ይምጣ ተባለ።

መጣም! ሰሌዳው መጣ፣ ጠመኔው መጣ፣ ዴስኩ መጣ። እናትየው ምንም እንዳይጎድልባት ብላ ደወል ሁሉ አስገዛች። ጠዋት ዘበኛው ደወሉን ያቃጭለዋል፤ ሰልፍ! አንዲት ልጅ ትሰለፋለች። ከፊቷ ማንም የለ፣ ከኋላዋ ማንም የለ፣ አስተማሪው ግን «ርቀት ጠብቂ!» ይላታል። ከማን ነው የምትርቀው? ሁለቱ ባንዲራ ይሰቅላሉ፣ ሁለቱ ይዘምራሉ፤ የሱ ድምፅ ወፍራም፣ የሷ ቀጭን። ምግብ አብሳይዋ ከኩሽና ብቅ ብላ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። እረፍት ሲደወል ልጅቱ ብቻዋን ግቢውን ትዞርና ተመልሳ ትቀመጣለች።

መጀመሪያ ላይ አስተማሪው ሥራውን ወዶት ነበር። ልጅቱ ቀስ ትላለች እንጂ ሰነፍ አልነበረችም። አንድ ነገር ሲነግራት «ለምን?» ብላ ድርቅ የምትል ልጅ ነበረች። አስተማሪ ደግሞ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ነገሩን ያበላሸው የእሁድ ምሳ ነው።

ሀብታሙ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ እንግዳ ይዞ ይመጣል። ማዕዱ ቀርቦ መብላት ሲጀመር «ኩሪ ትምጣ!» ይላል። ልጅቱ ጥብጣቧ ታስሮላት ምንጣፉ መሀል ትቆማለች። «ጠይቋት! የፈለጋችሁትን ጠይቋት፤ መምህር ቀጥሬላታለሁ!» እንግዳ ደግሞ ሌላ ምን ሥራ አለው፣ ጉርሻውን እየዋጠ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው እሁድ አንድ ሆዳም ነጋዴ፣ ቅባት የነካ ጣቱን እየላሰ፣ «ሰባት በስምንት ሲባዛ ስንት ነው፣ የኔ ልጅ?» አላት። ልጅቱ ታውቀዋለች፤ ግን በጣቷ ልትቆጥረው ጊዜ ያስፈልጋታል። የአባትየው እጅ እንጀራው ላይ ቆመ። የእናትየው ዓይን ዞሮ አስተማሪው ላይ ተተከለ። እሱ በሩ አጠገብ፣ ከልጅቱ ፊት ለፊት፣ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። አዘነላት። ለራሱም ሰጋ፤ እንጀራው ነዋ! ሳያስበው ከንፈሩ ያለ ድምፅ ተንቀሳቀሰ፤ «ሃምሳ ስድስት።»

ልጅቱ አየችው።

«ሃምሳ ስድስት!» አለች። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሀብታሙ ከድስቱ ትልቁን ሥጋ አውጥቶ አስተማሪው ሳህን ላይ ጣለለት። እናትየው ተነፈሰች። አስተማሪውም ሥጋውን በላው፤ ምን ያድርግ።

ከዚያ በኋላማ ምን ቀረ! በሚቀጥለው እሁድ የወንዞች ስም ተጠየቀች፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ መለሰች። በሚቀጥለው የነገሥታት ስም፣ እንደዚያው። ልጅቱ ሞኝ አይደለችም፤ ቀላሉን መንገድ አገኘችው። ሰሌዳውን ማየት ተወች። ሰኞም ማክሰኞም የምታየው አፉን ብቻ ሆነ። የቱ ፊደል ሲሆን ከንፈሩ እንደሚሾል፣ የቱ ሲሆን የጎደለው ጥርሱ እንደሚታይ አወቀች። ፈተና ሲሰጣት እንኳ እርሳሷን ይዛ አንጋጣ አፉ ላይ ታፈጣለች። «ለምን?» ማለቷም ቀረ። መልሱ አፉ ላይ ተቀምጦ እያለ ለምን ብላ ትድከም?

የደከመው እሱ ነው። የልጅቱ ጉብዝና በከተማው ስለተወራ አባትየው ሠርግ ሲጠራ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ይዟት ይሄድ ጀመር፤ ክርስትና ሲጠራም እንዲሁ። እሷ ካለች ደግሞ አስተማሪው መኖር አለበት፤ ፊት ለፊቷ። ቅዳሜው ሄደ፣ በዓሉ ሄደ። ማን ምን እንደሚጠይቅ ስለማይታወቅ ሁሉን ማጥናት ያለበት እሱ ሆነ። መንገድ ላይ ሲሄድ ከንፈሩ ብቻውን ይንቀሳቀሳል። የሰፈር ልጆች አይተውት «ጋሼ አመንዣኪ! ዛሬ ምን ግጠው መጡ?» እያሉ ይከተሉታል። ያከራየችው ሴትዮ ደግሞ «መምህር፣ የሚያኝኩትን እኔ አላየሁም፤ ካለ ያካፍሉን» ትለዋለች። ይስቃል። ከዚያ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ አገጩን በእጁ ይደግፋል።

ኩሊ እንኳ፣ እማዋ፣ ጆንያውን በር ላይ ጥሎ ላቡን ይጠርጋል። ይሄ ሰውዬ ግን የተሸከመው የሚራገፍ ነገር አልነበረም። ሌላ ሰው ማወቅ ያለበትን ነበር የሚያውቀው።

አንድ ቀን ሐኪሙ የልጅቱ ሳንባ ድኗል አለ። አባትየው ደስታውን አልቻለውም። «ትምህርት ቤት ትገባለች! አምስተኛ ክፍል ነው የምትገባው፤ እንደሷ የሚያውቅ የታለ?» ብሎ የትምህርት ቤቱን ዲሬክተር ለእሁድ ምሳ ጠራው። ዲሬክተሩ ራሱ ጠይቋት ክፍሏን ይወስናል።

አስተማሪው ይህን ሰማ። ልጅቱ አንዲት ገጽ ብቻዋን ማንበብ እንደማትችል ከሱ በላይ ማን ያውቃል? እሁድ ብትመልስ አምስተኛ ክፍል ያስቀምጧታል፤ እዚያ የማንን አፍ ታያለች? እሁድ ባትመልስ ደግሞ እሱ ሥራ የለውም።

ቅዳሜ እናትየው ሳሎን አስጠራችው።

«መምህር፣ ወንበርዎን ከመስኮቱ ትይዩ አስደርጌዋለሁ» አለችው። «ብርሃኑ ፊትዎ ላይ እንዲያርፍ።»

አስተማሪው ክው አለ። «እትዬ፣ ያውቁ ኖሯል?»

«እናት አይደለሁ? ምን የማላውቀው አለ። ብቻ ልጄን እንዳያዋርዱብኝ።»

«ክፍል ስትገባስ፣ ማን ፊት ለፊቷ ይቀመጥላታል?»

«እሱን ያን ጊዜ እናየዋለን» አለችና የወንበሩን ትራስ መታ መታ አድርጋ አስተካከለችለት።

እሁድ ሆነ። እንግዳው ሞላ። አስተማሪው ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሰ ነጠላውን እንደለበሰ መጥቶ፣ ብርሃኑ ላይ ተቀመጠ። ልጅቱ ምንጣፉ መሀል ቆመች። ዲሬክተሩ ድምፁ ዝቅ ያለ ሽማግሌ ነው፤ ሳህኑን አስቀምጦ እጁን ታጠበና ነው የጠየቃት።

«የኔ ልጅ፣ ወንዝና ኩሬ በምን ይለያሉ?»

እንግዶቹ «ይሄማ ምን አላት!» ብለው ሳቁ። ልጅቱ ዓይኗን ወደ ወንበሩ ላከች። አስተማሪው ከንፈሩ ሊንቀሳቀስ ሲል ተሰማው። ያን ጊዜ የነጠላውን ጫፍ ይዞ ወደ ላይ ሳበና አፉን እስከ አፍንጫው ሸፈነው።

ልጅቱ ጠበቀች። ነጠላው አልወረደም።

«መምህር፣ ምነው፣ ጥርስዎን አመምዎት እንዴ?» አለ አባትየው እየሳቀ። ሳቁ ግን መሀሉ ላይ ቆመ፤ ልጅቱ ምንጣፉን ትታ እየሄደች ነበር። በሰው ሁሉ መሀል አልፋ አስተማሪው ፊት ቆመች፣ በሁለት ጣቷ የነጠላውን ጫፍ ይዛ ወደ ታች ጎተተች።

«ጋሼ፣ አፍዎን ያሳዩኝ እንጂ» አለችው፤ ውሃ ስጡኝ እንደማለት።

በዚያ ቤት ነገሩ ያልገባው ሰው አልቀረም። ሆዳሙ ነጋዴ እንኳ ማኘኩን አቆመ። አስተማሪው ነጠላውን አልለቅ አለ። ከውስጥ ሆኖ ነው የተናገራት።

«ኩሪ፣ መልሱ አፌ ላይ የለም። ወንዝ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ኩሬስ?»

«በእግሬ ከበር ወጥቼ አላውቅም።» እናትየው አንገቷን ደፋች። ልጅቱ ነጠላውን ለቀቀችና ወደ መስኮቱ ዞረች። «ዝናብ ሲዘንብ ከጣራው የሚወርደው ውሃ ከበሩ ሥር ሾልኮ ይሄዳል። መኪናው የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ያለው ግን እዚያው ይቀራል፣ አረንጓዴ ይሆናል። የሚሄደው ነው ወንዙ?»

ዲሬክተሩ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

«ከበሩ ሥር ወጥቶስ፣ የት ነው የሚሄደው?» አለች። ያን ሁሉ እሁድ ሲጠይቁ የኖሩት፣ ሲጠየቁ እርስ በርስ ተያዩ።

«ከሁለተኛ ክፍል ትጀምር» አለ ዲሬክተሩ።

«ሁለተኛ?!» አባትየው ከመቀመጫው ተነሳ። «ልጄ ከሕፃናት ጋር?»

«ሁለተኛ፣ ጌታው። ትደርስበታለች።»

አባትየው ወደ አስተማሪው ዞረ። መምህር ማለቱ ቀርቶ «አንተ! ውጣልኝ!» ሆነ። አስተማሪው ወጣ። በሩ ላይ ዘበኛው፣ ወሬው ገና አልደረሰውምና፣ «ነገም ሰልፍ አለ፣ መምህር?» አለው። መሳቅ አማረው፣ ከንፈሩ ግን አልታዘዝ አለው። ቤቱ ገብቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ አፉን ገጥሞ ተኛ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

እንግዲህ ሁሉም አማረለት ብዬ አልዋሽሽም። ሀብታም ከሀብታም ጋር ይነጋገራልና ሌላ ቤት የሚቀጥረው አጥቶ ብዙ ተንከራተተ። ልጅቱም ሁለተኛ ክፍል ስትገባ ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አልገባ አለ፤ ትንንሾቹ «እማማ ኩሪ» እያሉ አሳቀቋት። ስታለቅስ ከርማለች። እናትየው ሠርግ መሄድ ትታ ነበር።

ክረምቱ አልፎ አንድ ቀን አስተማሪው በድልድዩ ሲሻገር፣ ከታች ወንዙ ዳር ተማሪዎች ከአስተማሪያቸው ጋር ቆመው አየ። አንዷ ከሁሉ በራስ ትበልጣለች። እጇን አውጥታ አስተማሪዋን በጥያቄ ታጣድፋለች፤ ሴትየዋ ደክሟት ግንባሯን ትጠርጋለች። ልጅቱ ቀና ስትል አየችው። እሱ፣ ልማድ ክፉ ነው፣ አፉን በእጁ ሊሸፍን ቃጣው።

አፉን አላየችም። ዓይኑን አይታ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው።

ይኸው ነው፣ እማዋ።

ያ አስተማሪ አንቺ ነሽ። ደምሰው ለቅሶ ሲቀር «አሞት ነው» ያልሽው አንቺ፤ የአባቱ ተዝካር ላይ ሲጠፋ «ለሥራ ሄዶ ነው» ያልሽው አንቺ። ወንድሞቹ ሲጠይቁት እሱ አንቺን ያያል፣ አንቺ ትመልሻለሽ፣ እሱ ይከበራል። ምንም ሳልሸከም ምን እንዲህ አደከመኝ ትዪኛለሽ፤ የአንድ ትልቅ ሰውዬ አፍ ተሸክመሻል፣ ምን ያንስሻል!

ይዋረዳል ወይ አልሽኝ? አዎ፣ ይዋረዳል። ጉልበቱ ዴስኩ ሥር አልገባ ይለዋል። አንቺንም በዚያ ቀን አይወድሽም፤ ቤትሽም ለጥቂት ጊዜ ይጎረብጥሻል። እኔ አይጎረብጥሽም ብዬ አላታልልሽም።

እሁድ የእድር ስብሰባ አላችሁ አይደል? ድንኳን ሲተከል የት ነበርክ ይሉታል። እሱም ዞሮ ያይሻል። ያን ጊዜ ነጠላሽን አፍሽ ላይ ሳብ አድርጊ። መጥቶ ቢጎትትብሽም አጥብቀሽ ያዥው።